በብርድ አገር ልብስን ስለ ማጠብ

ጤንነት እንደ ርስት ከአባት የሚወረስ ወይም እንደ ዕጣ በድንገት የሚደርስ ነገር የሚመስላቸው ሰዎች ብዙ ናቸው። ነገር ግን የሰው ጤና በአብዛኛው የሚጠበቀውም የሚጠፋውም በየቀኑ በምናደርገው፥ ከማዘውተራችንም የተነሣ ልብ በማንለው ልማድ ነው። ልማድም እንደ አየሩ ጠባይ ከአገር አገር ይለያያል። የቆላ ሰው ወባን ፈርቶ ማታ ማታ ስለ ትንኝ ያስባል፤ የደጋ ሰው ግን ትንኟ ከብርዱ የተነሣ ስለማትደርስበት ከበሽታ ሁሉ የራቀ ይመስለዋል። ወደ ቆላ ወርዶ ሲመለስም፥ «እኔ የምኖረው በጥሩ አየር ነው» ብሎ ይመካል። አየሩስ በእውነት ጥሩ ነው። ነገር ግን ብርድም የራሱ የሆነ በሽታ አለው፤ ይኸውም ከአየሩ የሚመጣ ሳይሆን ብርዱን ለመከላከል ከምንለብሰው ልብስ የሚመጣ ነው። በዚህ ትምህርት ስለ መንዝ፥ ስለ ግሼና ስለ መርሐቤቴ ደጋ ሰዎች ልብስ እንናገራለን።

ከጣርማ በር ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚሄድ መንገደኛ መንዝን ሲያቋርጥ ዛፉ እየሳሳ ነፋሱም እየበረታ ሲሄድ ያያል። መሐል ሜዳ ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ከተማ ናት፤ ከእርስዋ በስተ ምሥራቅ ያለው የጓሳ ሜዳ ደግሞ ከ3,200 ሜትር በላይ ነው። በመርሐቤቴም ሰው ጠዋት በደጋው ልብስ በልብስ ደርቦ ይነሣና ወደ ጀማ ወንዝ ቍልቍለቱን ሲወርድ ቀትር ላይ ላቡ ይንጠፈጠፋል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጩ የመንዝን ሣር አመድ ያስመስለዋል። ስለዚህ የአገሩ ሰው ከጥንት ጀምሮ በግ አርቢ ነው። የመንዝ በግ ቁመቱ ትንሽ፥ ጠጉሩም ሻካራ ነው፤ ሴቶች ጠጉሩን በእንዝርት ይፈትሉታል፥ ወንዶችም ይሸምኑታል፤ ከዚያም ባና፥ ዝተትና በርኖስ ይወጣል። ባና የለበሰ እረኛ ቀኑን ሙሉ በነፋስ ውስጥ ቆሞ ይውላል። ዛሬ ብዙ ሰው ሹራብና ጃኬት ቢለብስም ባናው ከየቤቱ አልወጣም።

ይህ የእጅ ጥበብ የሚያኰራ ነው። ነገር ግን ያንኑ ልብስ ቀን ለብሶ ሌሊትም ተከናንቦት ማደር፥ በክረምትም ሳያወልቁት ብዙ ሳምንት መቆየት በብዙ ቤት የተለመደ ነው። ስለ ምን ቢሉ የምንጩ ውሃ እጅ ያደነዝዛል፤ የታጠበ ባናም በክረምት ደመና ሳይደርቅ ሁለት ሦስት ቀን ይሰነብታል፤ ባለቤቱም በዚያ ጊዜ የሚለብሰው ሌላ የለውም። ይህ ሁሉ ስንፍና ብቻ ነው ብሎ የሚፈርድ ሰው ቢኖር አንዲት የታኅሣሥ ሌሊት በመሐል ሜዳ ያለ ልብስ አድሮ ይመስክር።

አሁን በዚያ ልብስ ስፌት ውስጥ የሚኖረውን ፍጥረት እንመልከት። ከቅማል ወገን ሁለቱን ማወቅ ይበቃናል። የራስ ቅማል በጠጉር ውስጥ ይኖራል፤ ያሳክካል፥ ያሳፍራልም፥ ነገር ግን እንደ ወንድሙ ገዳይ አይደለም። የልብስ ቅማል ጠባዩ ልዩ ነው። መኖሪያው ልብስ እንጂ ገላ አይደለም፤ በስፌቱና በእጥፋቱ ውስጥ ተሸሽጎ ይቀመጣል፥ ደም ለመምጠጥ በቀን ብዙ ጊዜ ወደ ገላ ይወጣል፥ ከጠገበም በኋላ ወደ ስፌቱ ይመለሳል። ቅጫሙንም የሚጥለው በዚያው ነው። ቅጫሙ የሰውነት ሙቀት ካገኘው በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ ይፈለፈላል። እንግዲህ ልብ አድርጉ። ልብሱ ከሰው ገላ ተለይቶ ቢቀመጥ ቅማሉ የሚበላውን አጥቶ ከአንድ ሳምንት በላይ አይቆይም። ሰው ግን ሌሊትና ቀን ሳያወልቅ ቢለብሰው እርሱ ራሱ ለቅማሉ ቤትም ማዕድም ይሆንለታል።

ይህ ቅማል ከሰው ወደ ሰው ከሚያመላልሳቸው በሽታዎች ዋነኞቹ ሁለት ናቸው፤ አንዱ ተስቦ፥ ሁለተኛው ግርሻ ይባላል። ግርሻ ስሙን ያገኘው ከራሱ ጠባይ ነው። ሰውዬው በድንገት ይንቀጠቀጣል፥ ትኩሳቱ እንደ እሳት ይነድዳል፥ ራሱንና መገጣጠሚያውን ይቈርጠዋል፤ አንዳንዱን ይነስረዋል፥ የአንዳንዱም የዓይኑ ነጭ ብጫ ይሆናል። አምስት ስድስት ቀን ያህል ከተሠቃየ በኋላ ትኩሳቱ ባንድ ጊዜ ይለቀዋል። ቤተ ሰቡ፥ «ተሻለው» ብሎ ይደሰታል፥ ጎረቤትም፥ «እንኳን ማረህ» ሊል ይመጣል። ሳምንት ያህል ቆይቶ ግን ያው በሽታ ያገረሽበታል፤ እርሱም የቀድሞው ሕመም አድክሞታልና ሁለተኛውን ለመቻል ኃይል ያንሰዋል። ሳይታከሙ ከቀሩ መቶ ሕሙማን ከ10 እስከ 40 ያህሉ ሊሞቱ ይችላሉ።

ሰው በተፋፈገበት ልብስም በማይለወጥበት ስፍራ ይህ በሽታ ይነሣል፤ ስለዚህ የጦርነት፥ የረሃብና የወህኒ ቤት ተከታይ ነው። በ1983 ዓ.ም. የእርስ በርሱ ጦርነት ሲያበቃ በየሰፈሩ ተሰብስበው በነበሩት ወታደሮች መካከል ግርሻ ገብቶ ነበር። በሰላምም ጊዜ ቢሆን ወራቱ ይታወቃል፤ ክረምት ገብቶ ሰው ሁሉ ከዝናብ ሸሽቶ በአንድ ጎጆ ሲሰበሰብና ልብስ በልብስ ላይ ሲደርብ በሽተኛው ይበዛል። ግርሻ ዛሬ ከቀድሞው ቢቀንስም ከኢትዮጵያ ጨርሶ አልጠፋም። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2015 ከአፍሪካ ቀንድ ተሰድደው አውሮፓ በደረሱ ሰዎች ላይ ሐኪሞች ይህንኑ በሽታ አገኙ፤ በዚያ አገር ከተረሳ ብዙ ዘመን ሆኖት ነበር።

በሽታው ከቅማል መሆኑ የታወቀበት ታሪክ ሊነገር የሚገባው ነው፤ ሰው በዓይኑ የሚያየውን በልቡ ቢመረምር ምን ያህል እንደሚያገኝ ያስተምራልና። ሻርል ኒኮል የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም በቱኒስ ከተማ ይሠራ ነበር። በዚያ ዘመን ተስቦ የቱኒስን ድኾች ይፈጅ ነበርና ወደ ሆስፒታሉ የሚመጣው በሽተኛ ብዙ ነበር። ኒኮልም አንድ ነገር አስተዋለ። በሽተኛው ወደ ሆስፒታል ሳይገባ በቤቱና በመንገዱ ላሉት በሽታውን ያጋባል፤ በበሩ ሆነው ልብሱን የሚቀበሉት ሠራተኞችም ይታመማሉ። ነገር ግን በሽተኛው ልብሱን አውልቆ፥ ገላውን ታጥቦ፥ የሆስፒታሉንም ልብስ ለብሶ ከተኛ በኋላ በአጠገቡ የተኙትም አስታማሚዎቹም አይያዙም። በሽተኛው ያው በሽተኛ ነው፥ ትኩሳቱም ያው ነው። በበሩ የቀረው ምንድን ነው? ልብሱና በልብሱ ውስጥ ያለው ብቻ ነው። ኒኮል ይህን ሐሳብ በ1909 በጦጣና በዝንጀሮ ወገኖች ላይ ፈትኖ እውነት መሆኑን አረጋገጠ፤ በ1928ም ስለዚሁ ሥራው የኖቤል ሽልማት ተሰጠው።

ከጥቂት ዓመት በኋላ እርሱና የሥራ ጓደኞቹ ስለ ግርሻም መርምረው ሌላ የሚያስደንቅ ነገር አገኙ። የግርሻ ረቂቅ ተሕዋስ በቅማሉ ሰውነት ውስጥ ተዘግቶ ይኖራል፤ ቅማሉ ሲነክስ ወደ ሰው አይገባም። የሚገባው ቅማሉ ሲጨፈለቅ ነው። ያን ጊዜ ከሰውነቱ የሚወጣው ፈሳሽ በታከከ ገላ ወይም በዓይንና በአፍ ስስ ቆዳ በኩል ያልፋል። የተስቦው ተሕዋስ ደግሞ በቅማሉ ኩስ ውስጥ ይወጣና ሰው የተነከሰበትን ሲያክክ ወደ ቁስሉ ይገባል።

ይህን ካወቅን ዘንድ ብራ በሆነ ቀን በየደጁ የሚታየውን አንድ ልማድ እንደ ገና ልንመለከተው ይገባናል። እናት ልጅዋን ወደ ጭንዋ አስጠግታ፥ ባልንጀራም የባልንጀራውን ልብስ በፀሐይ ዘርግቶ፥ ጨዋታ እየተጫወቱ ይቃመላሉ። የተገኘው ቅማል በሁለት አውራ ጣት ጥፍር መካከል ይፈርጣል። ይህ የፍቅር ሥራ መሆኑን ማንም አይክድም፤ ልብስን በየጊዜው መመርመሩም መልካም ነው። ነገር ግን ግርሻ መንገድ የሚያገኘው በዚያች በፈረጠችው ጥፍር ነው፤ ዘወር ብላ ዓይንዋን ብታሽበት ወይም ያከከችውን ስፍራ ብትነካበት በሽታውን በገዛ እጅዋ ትቀባዋለች። በጥርሱ የሚጨፈልቅም ሰው አለ፤ ይህስ ከሁሉ የከፋ ነው። ስለዚህ የተለቀመ ቅማል ወደ እሳት ወይም ወደ ፈላ ውሃ ይጣል፤ የለቀመውም ሰው እጁን በሳሙና፥ ሳሙና ባይኖር በአመድ ይታጠብ።

ወደ አጠባው እንመለስ። ቀዝቃዛ ውሃ ቅማልን ለማጥፋት አይበቃም። ሸማ ወንዝ ወርዶ፥ በድንጋይ ላይ ተረግጦ፥ እንደ በረዶ ነጥቶ ሊመለስ ይችላል፤ ቅጫሙ ግን በስፌቱ ውስጥ በሕይወቱ ይቀራል። ቅማልንም ቅጫምንም የሚገድለው ሙቀት ነው፤ ውሃው ከ55 ዲግሪ በላይ መሆን ይገባዋል፥ ይህም እጅ ነክሮ መቆየት የማይቻልበት ሙቀት ነው። የፈላ ከሆነ ደግሞ ጥርጥር የለውም። ስለዚህ ከገላ ጋር የሚነካካው የጥጥ ልብስ፥ እንደ ቀሚስ፥ እንደ እጀ ጠባብና እንደ ሱሪ ያለው ሁሉ፥ በትልቅ ድስት ወይም በበርሜል ይቀቀል። «በመንዝ ማገዶ የት ተገኝቶ?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ዛፍ በሳሳበት አገር እሳቱ ኩበት ነው፥ ኩበትም ለእንጀራ እንኳ በቁጥር ነው። ሆኖም እንጀራ በሚጋገርበት ቀን ምጣዱ ከወጣ በኋላ ፍሙ ገና ትኩስ ነው፤ በዚያ ላይ ጥቂት ኩበት ተጨምሮ ውሃ ቢጣድ የልብሱ ማገዶ ግማሹ ተገኘ ማለት ነው።

ባናና በርኖስን ግን ወደ ፈላ ውሃ አትክተቱ። የበግ ጠጉር በፈላ ውሃ ይኰማተራልና ለአባት የገባው ባና ለልጅ ሆኖ ይወጣል። ለዚህ ልብስ የሚሆነው መድኃኒት ረሃብ ነው። ባናው ተጣጥፎ በከረጢት ይታሰርና ሁለት ሳምንት ሙሉ ማንም ሳይለብሰው ይቀመጥ፤ ቅማሉ በመጀመሪያው ሳምንት በረሃብ ያልቃል፥ በኋላ ከቅጫሙ የተፈለፈለውም የሚጠጣው ደም አጥቶ ይከተለዋል። ካውያ ያለው ቤት በስፌቱ ላይ እርጥብ ጨርቅ አንጥፎ በጋለ ካውያ ቢተኩሰው ይፈጥናል። በፀሐይ ማስጣትም መልካም ነው፥ ልብሱን ያደርቃል ሽታውንም ይወስዳል፤ በስፌት ውስጥ ለተሸሸገው ግን ፀሐይ ብቻዋን ትደርሳለች ብሎ መታመን አይገባም።

ሳሙና ባልነበረበት ዘመን እናቶቻችን ሸማ የሚያጥቡት በእንዶድ ነበር። የእንዶድ ፍሬ ደርቆ ተወቅጦ በውሃ ሲመታ አረፋ ያወጣል፥ እድፉንም ይለቅቃል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1964 ኢትዮጵያዊው ሊቅ አክሊሉ ለማ በአድዋ ሰዎች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ባለው ወንዝ ብዙ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አየ። የብልሃርዝያ ተሕዋስ ከሰው ወደ ሰው የሚደርሰው በውሃ ቀንድ አውጣ በኩል ስለ ሆነ አክሊሉ ነገሩን ያዘና ዕድሜውን ሙሉ ሲመረምረው ኖረ፤ በ1989ም ከባልደረባው ከለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀበለ። ብልሃርዝያ የውርጭ አገር በሽታ አይደለም፤ ሆኖም ደገኛውም ከዚህ ታሪክ የሚወስደው አለ። ቀንድ አውጣን የገደለ ውሃ ዓሣንም ይገድላል፥ ለመጠጥም የሚሆን አይደለም። ስለዚህ ልብስ በእንዶድም ሆነ በሳሙና የሚታጠበው ውሃ ከሚቀዳበት ምንጭ በታች፥ ከብትም ከሚጠጣበት ስፍራ ርቆ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ ደረስን። አንድ ባና ብቻ ያለው ሰው ያን ሁለት ሳምንት ምን ለብሶ ይደር? ይህን ጥያቄ አንድ ቤት ብቻውን ሊመልሰው አይችልም። ደግሞም አንዱ ቤት ልብሱን ቀቅሎ ጎረቤቱ ባይቀቅል፥ በለቅሶ ቤት ጎን ለጎን ሲቀመጡ ልጆችም በአንድ ባና ሥር ሲያድሩ ቅማሉ ተመልሶ ይመጣል፥ ድካሙም ከንቱ ይሆናል።

ነገር ግን መንዝ በአንድነት መታቀብን ከሌላ አገር የሚማር አይደለም። የጓሳን ሜዳ ተመልከቱ። ጓሳ የተባለው ሣር ቤት ይከደንበታል፥ ገመድም ይገመድበታል። የቀድሞ ሰዎች በቄሮ ሥርዓት ሜዳውን ሦስት ዓመት፥ አንዳንዴም እስከ አምስት ዓመት ዘግተው ያቆዩት ነበር፤ በዚያ ጊዜ ማንም ሣሩን አያጭድም፥ ከብቱንም አያሰማራም፤ ሕጉን ያፈረሰ ይቀጣል። ይህ ሥርዓት ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ እስከ 1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ ድረስ እንደ ቆየ ይነገራል፤ ከዚያም በኋላ የአገሩ ሰዎች በሌላ መልክ አደራጅተውት ሜዳው ዛሬ የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ ነው፥ ቀይ ቀበሮና ጭላዳም ይኖሩበታል። ሣርን ሦስት ዓመት ሳይነካ የጠበቀ ሕዝብ ባናን ሁለት ሳምንት ሳይለብስ ማቆየት ያቅተዋል ማለት አይቻልም። ዕድር ለለቅሶ ድንኳንና ድስት ገዝቶ ያስቀምጥ የለምን? በዚያው ገንዘብ ጥቂት ትርፍ ባናዎች ቢገዛ፥ ክረምት ሳይገባ በግንቦት ወር ቤት ለቤት ተራ በተራ እያዋሰ የሰፈሩን ልብስ ሁሉ ሊያነጻ ይችላል። ይልቁንም በአንዲት ጠባብ ጎጆ ተፋፍገው፥ ደበሎ ለብሰው ለሚያድሩ የቆሎ ተማሪዎች ይህ ነገር ሊታሰብላቸው ይገባል፤ ከእነርሱ አንዱ ቢታመም ጎጆው ሁሉ ይታመማልና።

ሌላውን የጤና ልማድ በአጭሩ እንናገር። እጅን ከምግብ በፊት መታጠብ ለኢትዮጵያዊ አዲስ ትምህርት አይደለም፥ እንግዳን ማስታጠብ የቤታችን ክብር ነው፤ የጐደለው ሳሙናው ነው፥ ከእዳሪ ሲመለሱም መታጠቡ ነው። የልጆችን ፊት ጠዋትና ማታ ማጠብ ትራኮማን ይከላከላል። ይህ በሽታ በአማራ አገር እጅግ የበዛ ነው፤ ዝንብ ከአንዱ ልጅ ዓይን ወደ ሌላው ይወስደዋል፥ ብዙ ዓመት ቆይቶም ሽፋሽፍቱን ወደ ውስጥ አጥፎ ብሌኑን እያስፋቀ ያሳውራል። ለፊት የሚበቃው ውሃ አንዲት ጣሳ አይሞላም፤ ውሃ ከገደል ሥር በጀርባዋ የምታመጣ እናትም ይህችን ታህል አትነፍግም። የኩበት ጢስ ደግሞ የሴቶችን ዓይን ያበላሻል፥ ለሕፃናትም የሳንባ ምች ያመጣል፤ መንዝ ግን ቤቱን በድንጋይ አጥብቆ የሚሠራው ነፋሱን ለመዝጋት ነውና መስኮት ክፈት ሲሉት ይቈጣል። እንግዲያውስ ነፋሱ ከማይመጣበት ወገን ከጣራው በታች ለጢሱ መውጫ ይተውለት፥ ሕፃኑም ከምድጃው ራቅ ብሎ ይተኛ።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ትኩሳት ወደ ቤት ቢገባ ሳምንት ቆጥሮ መጠበቅ አይገባም። ግርሻ በጤና ጣቢያ በጥቂት ደም ምርመራ ይታወቃል፥ ብዙ ጊዜም በአንድ መድኃኒት ይድናል። ነገር ግን መድኃኒቱ ከተሰጠ ከጥቂት ሰዓት በኋላ በሽተኛው እንደ ገና ብርቱ መንቀጥቀጥና ትኩሳት ሊይዘው ይችላል፤ ይህም ተሕዋሱ ባንድ ጊዜ ሲሞት የሚደርስ ነው፥ ደሙም ሊደክም ስለሚችል ሐኪም ሊያየው ይገባል። ቤተ ሰቡ ይህን ሳያውቅ፥ «መድኃኒቱ ገደለው» ብሎ በቃሬዛ ይዞት እንዳይመለስ። ደግሞም ቅማል ብርቱ ትኩሳትን አይወድምና ከሚነድደው ገላ ወጥቶ በጎኑ ወደ ተኛው ይሻገራል፤ ሬሳም ሲቀዘቅዝ እንዲሁ ያደርጋል። ስለዚህ የበሽተኛው ልብስ በቤት ውስጥ ሳይራገፍ፥ አብረውት የተኙትም ሰዎች ልብስ ከእርሱ ጋር፥ በዚያው ቀን ይቀቀላል። በሽተኛውን የሚሸከሙት ሰዎች ገና ከቤት ሲወጡ ድስቱ ይጣድ፤ ቃሬዛው ላይ የተነጠፈውም ልብስ ሲመለስ ወደዚያው ይግባ።